የእንግሊዝኛ ማርክ ከየት ይገኛል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር ታላላቆቻችን ስላለፈው ዘመን ብዙ ነግረውናል። እኔ ደግሞ ስለሚመጣው ነገር፥ ይልቁንም ስለ እንግሊዝኛ ፈተና ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ይህን የምናገረው እንደ ዐዋቂ ሆኜ አይደለም። ዘንድሮ ለብሔራዊ ፈተና ከሚቀመጡት አንዱ ነኝና የሚያስቸግረንን ነገር ከቅርብ አውቀዋለሁ።

በመካከላችን ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። «እንግሊዝኛ ተሰጥዎ ነው፤ በሕፃንነቱ በውድ ትምህርት ቤት የተማረ ያውቀዋል፥ ከገጠር የመጣ ግን ምንም ቢደክም አይሆንለትም» ይባላል። ይህ አባባል ስንፍናን ይሸፍናል፤ ትጉሁንም ተስፋ ያስቆርጣል። እርግጥ ነው፥ ቀድሞ የጀመረ ሰው ብልጫ አለው። ዳሩ ግን የእንግሊዝኛ ማርክ የሚገኘው በየቀኑ ከሚሠራ ጥቂት ሥራ ነው፤ ይህንንም ሥራ ባለጸጋውም ድኻውም ሊሠራው ይችላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እንመልከት። በ9ኛ ክፍል ሒሳብም፥ ፊዚክስም፥ ታሪክም፥ ጂኦግራፊም የሚሰጡን በእንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛን ይፈተናል። የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። ይህ የትምህርቶቹ ሁሉ ድምር ነው እንጂ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የፊዚክሱንም የታሪኩንም ጥያቄ የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቀመሩን እያወቀ፥ ጥያቄው ምን እንደ ጠየቀው ሳይገባው የሚሳሳት ተማሪ ጥቂት አይደለም። እንግሊዝኛ የአንድ ክፍል በር ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ በር ነው።

የባዕድ ቋንቋ ማጥናት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግእዝን ከእናቱ አፍ አልሰማውም። ነገር ግን ግሥ ያወርዳል፤ ርባታውን ያጠናል፤ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። መጽሐፉ ጥቂት፥ ስንቁም ቆሎ ሳለ በቋንቋው ይራቀቅበታል። ምሥጢሩ በየቀኑ መሥራቱና በየቀኑ መታረሙ ነው። እኛም ከዚህ የምንማረው አለ።

አሁን ምን እናድርግ ወደሚለው ልግባ።

አንደኛ፥ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚለያዩበትን ቦታ ለይተን እንወቅ። ብዙው ስሕተታችን አማርኛውን እንዳለ ገልብጠን እንግሊዝኛ በማልበሳችን የሚመጣ ነው። ለምሳሌ፥ በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ትክክል ነው። ይህንኑ ይዘን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብንል ግን ስሕተት ይሆናል። «የስተርዴይ» የተባለው ቀን ያለፈና የተዘጋ ስለ ሆነ «ሃቭ» አይስማማውም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ» ማለት ይገባል። እንዲሁም በአማርኛ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም፥ ነገር ግን መጣ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞ» ካልን «በት»ን አንጨምርም፤ አንዱ ይበቃል።

መስተዋድዱም እንዲሁ ነው። እኛ «በ» በምትባል አንዲት ፊደል ብዙ ሥራ እንሠራለን፤ በአዲስ አበባ፥ በሰኞ ቀን፥ በ2 ሰዓት፥ በመኪና፥ በቢላዋ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለአዲስ አበባ «ኢን»፥ ለሰኞ «ኦን»፥ ለሰዓቱ «አት»፥ ለመኪና «ባይ»፥ ለቢላዋ «ዊዝ» ይላል። ሰዓቱም ራሱ ይለወጣል፤ የእኛ የጧቱ 2 ሰዓት ለእነርሱ «ኤይት ኦክሎክ» ነው። እነዚህን አምስቱን ከነምሳሌያቸው ጽፎ የያዘ ተማሪ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

የዐረፍተ ነገሩም አሠራር ይለያል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን ተከትሎ ወዲያው ይመጣል። ስለዚህ ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥመን እንደ አማርኛው መጨረሻውን አንጠብቅ። አስቀድመን ማን? ምን አደረገ? ብለን ባለቤቱንና ማሰሪያ አንቀጹን እንፈልግ፤ የቀረው ጌጥ ነው።

ሁለተኛ፥ በየቀኑ እናንብብ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከአቅም በላይ የሆነ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ በየመሥመሩ መዝገበ ቃላት ከመግለጥ፥ ቀለል ያለውን ታሪክ ጀምሮ መጨረስ ይሻላል። መጽሐፍ ያጣ ተማሪ የባዮሎጂውን ወይም የጂኦግራፊውን መጽሐፍ እንደ ንባብ መጽሐፍ አድርጎ ያንብበው፤ ሁለት ትምህርት ባንድ ጊዜ ያጠናል። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ወዲያው አይቁም፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ቃል አይቶ ትርጉሙን ይገምት፥ ከዚያም መዝገበ ቃላቱን ይመልከት። በፈተናም የሚጠየቀው ይኸው ግምት ነው።

ሦስተኛ፥ ቃላትን በቤተሰብ በቤተሰባቸው እናጥና። በአማርኛ «ጻፈ» ካልን ጸሐፊ፥ ጽሑፍ፥ መጽሐፍ ይከተላሉ። እንደዚሁ «አክት»ን ስናጠና አክተር፥ አክሽን፥ አክቲቭ አብረው ይምጡ። በቀን 5 ቃል ብናጠና በወር በ24 ቀን 120 ቃል ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት ባለው 9 ወር ውስጥ 1,080 ቃል ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቃሉን በምንጽፍበት ጊዜም አጻጻፉን በዓይናችን እንያዝ። የእኛ ፊደል እንደ ተሰማ ይጻፋል፤ የእንግሊዝኛው ግን «ናይፍ» ሲባል የማትሰማ «ኬ» ከፊት ትቆማለች። ይህንን ስልክ አያስተምረንም፤ ስልክ ፊደሉን ራሱ እያረመ ይጽፍልናል፥ ወደ ፈተናው አዳራሽ ግን አብሮን አይገባም። ስለዚህ በእጃችን በደብተር ላይ እንጻፍ።

አራተኛ፥ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጽፈን እናሳርም። የስሕተት ደብተር የሚባል አንድ ትንሽ ደብተር ይኑረን። በግራ በኩል የተሳሳተው፥ በቀኝ በኩል የታረመው፥ ከሥሩም ምክንያቱ ይጻፍ። ፈተናው በምርጫ ቢሆንም ይህ ሥራ ከንቱ አይደለም፤ በገዛ እጁ አርሞ የጻፈውን ዐረፍተ ነገር ተማሪ ከአራት ምርጫዎች መካከል ሲያየው ያውቀዋል። መምህራኖቻችን የብዙ ክፍል ደብተር ማረም ስለሚከብዳቸው፥ አስቀድመን ሁለት ሁለት ሆነን ደብተር እየተለዋወጥን እንተራረም፤ ያልተስማማንበትን ብቻ ለመምህሩ እናቅርብ።

አምስተኛ፥ የሚናገረውን አንሳቅበት። በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ሲናገር አንድ ቃል ቢሳሳት የሚያላግጥበት አይጠፋም። ያን ቀን አፉን የዘጋ ተማሪ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይከፍተውም። ከገጠር የመጡ ወንድሞቻችንና ዓይነ አፋር እኅቶቻችን በዚህ ምክንያት ብዙ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ሳይሳሳት የተማረ የለም። ጠያቂውን ዝም ያሰኘን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ እጦት የከፋ ጉዳት የምናደርስበት እኛው ጓደኞቹ ነን። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በትምህርት ቤታችን የተሳሳተ ይታረም እንጂ አይሳቅበት።

ስለ ፈተናው ቀንም ጥቂት ልናገር። ምንባቡን ከማንበባችን በፊት ጥያቄዎቹን አንድ ጊዜ እናንብብ፤ ምን እንደምንፈልግ ካወቅን ቶሎ እናገኘዋለን። «ኢት» ወይም «ዜይ» ማንን ያመለክታል ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙ ጊዜ መልሱ በፊተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛልና ወደ ኋላ እንመለስ። የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮችን በተራ አድርጉ ስንባል፥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ይቀድማል፤ «ሂ» ወይም «ሺ» የሚለው ይከተላል። በንግግር ጥያቄ ላይ ማን ለማን እንደሚናገር እንይ፤ ለመምህር የሚነገረውና ለእኩያ የሚነገረው አንድ አይደለም። አንድ ጥያቄ እንቢ ካለን ምልክት አድርገን እንለፈው፤ ዳሩ ግን ስናልፍ በመልስ ወረቀቱ ላይ ተራ ቁጥሩን እንጠብቅ። አንዲት ተራ የሳተ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ያጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚጠቅመው ቀድሞ ለሠራ ተማሪ ነው። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች መሥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን መልሱን እንደ ውዳሴ በቃል መያዝ አያድንም፥ ጥያቄው ሲለወጥ ቃሉ ሁሉ ይጠፋል። ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደ ሆነ፥ የቀሩት ሦስቱም ለምን እንዳልሆኑ መናገር የቻለ ተማሪ ከአንዱ ጥያቄ አራት ትምህርት አገኘ። ፈተና ሲቃረብ ብቻ ደብተር የሚገልጥ ግን «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንደሚባለው ነው።

የተወደዳችሁ ወላጆቻችን፥ እንግሊዝኛ ባታውቁም ልትረዱን ትችላላችሁ። በየማታው ግማሽ ሰዓት ስጡን፤ ይልቁንም ለሴቶች ልጆቻችሁ። ወንድሟ ሲያጠና እርስዋ ዕቃ ታጥባለች፤ ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ማታ ማታም «ዛሬ በእንግሊዝኛ ያነበብኸውን በአማርኛ ንገረኝ» በሉን። በባዕድ ቋንቋ ያነበበውን በገዛ ቋንቋው መናገር የቻለ ልጅ በእውነት ገብቶታል። ያልገባውንም ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

እናንተም የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች፥ ለእኛ የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው፤ በእናንተ እጅ ግን 4 ዓመት አለ። በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚሠራ ሰው 4 ዓመት ብዙ ሀብት ነው። ዛሬ በዓሉ ሲያበቃ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ባዶ ደብተር ፈልጉ፤ 5 ቃላትና አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉበት፤ ነገም ጠዋት ለጓደኛችሁ አሳዩት።