በሩን ማን ያንኳኳ?

እሷ፦ በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው ልጆች ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ከለከለ። ጥሩ። አገር ውስጥ የቀረውን ልጅስ ማን ይየው?

እሱ፦ ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ እድር አለ እኮ።

እሷ፦ እድር የሚበረታው ቀብር ላይ ነው።

እሱ፦ ኧረ አታሳንሺው! በኤችአይቪ ዘመን ወላጅ ያጡ ልጆችን የደገፉ እድሮች ነበሩ።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ነበሩ። እኔ የምለው ግን እናት ታማ፣ አባት ሥራ ፈትቶ፣ ልጅቷ ከትምህርት ልትቀር ስትል፣ ቤቱ ሳይፈርስ በፊት ስለሚመጣ ሰው ነው።

እሱ፦ ሶሻል ወርከር ማለትሽ ነው። ምን ይዞ ይመጣል? ስንዴ?

እሷ፦ ስንዴም ሊያስፈልግ ይችላል። መጀመሪያ ግን ያዳምጣል። ማን የልደት ካርድ የለውም፣ ማን መድኃኒት አቋርጧል፣ ማን ማንን ይመታል። ከዚያ ከጤና ጣቢያው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከባሰም ከፖሊስ ጋር ያገናኛል። ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ለኔ ዋናው ይሄ መመለሱ ነው።

እሱ፦ ባለሙያው ከየት ይምጣ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቷል እኮ።

እሷ፦ እንደገና ከተከፈተ ግን ቆየ፤ ተመራቂ አለ። ወረዳው ስንት የሥራ መደብ ከፈተለት? ነው ጥያቄው።

እሱ፦ ቤተሰቡስ «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ቢደነግጥ?

እሷ፦ ይደነግጣል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ቅጽ ይዞ መግባት የማይዋጥልኝ።

እሱ፦ ቅጽ ካልሞላ አለቃው ምን ይለዋል?

እሷ፦ እሱንማ አለቆቹን እንጠይቅ። የምትሰሙን የወረዳ ኃላፊዎች፣ ደውሉልን።