ፈተናው ሰዓት ይቆጥራል፤ መስመሩ የለም!

(በደባርቅ ለመምህራን ከተደረገ ንግግር)



በመጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢንተርኔት የሚሰጥ አንድ ኮርስ አዘጋጅቼ ነበር። ቪዲዮ አለው፣ ሥዕል አለው፣ በየሳምንቱ 20 ጥያቄ በ30 ደቂቃ የሚመለስበት ፈተና አለው። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ስከፍተው ያምራል። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። ታዲያ ከተማሪዎቼ አንዷ ሊማሊሞን ወርዳ አዲአርቃይ ነበረች። ፈተናውን ከፈተች፤ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ መስመሩ ጠፋ። ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አላቆመም። 30 ደቂቃው ሞላና የመለሰቻቸው ስድስቱ ብቻ ተይዘውላት ወደቀች። ደባርቅ ስትመጣ አልተቆጣችም። «መምህር፣ ሰዓቱ ሲቆጥር መስመሩ የት ነበር?» ብቻ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፕላዝማን የማያስታውስ አለ? በ1997 ዓ.ም. ኢህአዴግ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሳተላይት ለቀቀብን። ደባርቅ ያለውም ልጅ አዲስ አበባ ያለውም በአንድ ደቂቃ አንድ ነገር ይሰማል። ቁም አይባል፣ ድገም አይባል! መምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ተወርውሮለት፣ ቀሪውን ጊዜ ጥግ ይዞ ይቆማል። መብራት ከጠፋማ የዚያን ዕለት ትምህርት ነፋስ ወሰደው ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ምን ያድርግ! ትምህርቱን ያዘጋጀው ሰው ክፍሉን አላየውም። እኔም አዲአርቃይን ሳላስብ ፈተናውን በሰዓት ስቆልፈው ያው ፕላዝማ ሆንኩ።

መንግሥታችንስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያው ቀናት የሞባይል ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። አንድ ዓመት ገደማ! ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር፣ «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም በይፋ ተጀመረ። ትምህርቱ በነፃ፣ በኢንተርኔት! በዚያው ወር በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ገና በአንዳንድ ከተሞች ብቻ ይመለስ ነበር። ልጆቻችን ሙያውን ቢማሩት እኔ ደስታዬ ነው። ግን ድግስ ጠርቶ በሩን መቆለፍ ምን ይባላል?

ወደ ሥራችን እንመለስ። ሂሳቡን እናውጣው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 450 ሜጋባይት ይበላል። ያንኑ ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በ32 ኪሎቢት ብትቀዱት 14 ሜጋባይት ከምናምን ነው። ጽሑፍ ሲሆንማ፣ ሥዕል የሌለበት 10 ገጽ ከ100 ኪሎባይት ባነሰ ይገባል። ታዲያ ጃናሞራ ላለ ልጅ ከየትኛው ነው የምንጀምረው? ከጽሑፉ ነዋ! ድምፁ ይከተላል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ድምፁ በአማርኛ ያብራራ። ቪዲዮ እጅ ሲሠራ ማየት ለግድ ለሚለው ነገር ብቻ ይሁን፤ እሱም ከ3 ደቂቃ አይለፍ። የመምህሩን ፊት አንድ ሰዓት ለማየት ካርድ የሚሞላ ተማሪ የለንም።

«ሙድል» የሚባለውን ፕሮግራም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በነፃ የሚገኝ ነው። የሠራው ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ ራሱ በልጅነቱ በረሃ ውስጥ ሆኖ በአጭር ሞገድ ራዲዮ የተማረ ሰው ነው። ስልክ ላይ የሚጫነው ሙድል ትምህርቱን አንዴ ካወረደ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። መምህሩ ከፈቀደለት ፈተናም ያስፈትናል፤ መስመር ሲገኝ መልሱን ይልካል። አንድ ነገር ብቻ አይወድም። ፈተናው የሰዓት ገደብ ካለው ከመስመር ውጭ እምቢ ይላል! ጥፋቴ እዚህች ላይ ነበረች። ገደቡን አንስቶ መፍቀድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«ይኮራረጃሉ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይኮራረጃሉ! ስለዚህ የሳምንቱን ፈተና ነጥብ አሳንሱት፤ መልመጃ ይሁን። ዋናውን ፈተና በአካል ፈትኑ።

ስልክ የሌለውስ? «ኮሊብሪ» የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኢንተርኔት ለሌለበት አገር ተብሎ የተሠራ። ትምህርቱ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል፤ ልጆቹ እዚያው ግቢ ውስጥ በዋይፋይ ከፍተው ይማራሉ። አዲስ ትምህርት ሲመጣ በፍላሽ ይገባል። ይህን አሠራር ዳባቶች አታጡትም። የጐንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳችሁ ውስጥ አለ፤ መረጃ ሰብሳቢው ቤት ለቤት ዞሮ የሰበሰበውን ወደ ማዕከል ያመጣል። መረጃ በእግር ከመጣ ትምህርትም በእግር ይሄዳል።

ይህን ስል ግን የመንግሥትን ዕዳ ለእኛ ማሸከሜ አይደለም! በክልሉ ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ በሆኑበት ዘመን ኢንተርኔት የሚያቋርጠው አካል ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግ፣ ለስንት ቀን እንደሚያቋርጥ በጽሑፍ ይንገረን። እኛ ለተማሪ የፈተና ቀን እናሳውቅ የለም እንዴ?

ያቺ ልጅ ድጋሚ ተፈተነች፤ ያለ ሰዓት። ከ20 17 አገኘች። እኔ ነኝ እንጂ እሷ አልነበረችም የወደቀችው።

የኮርሱን ጽሑፍና ድምፅ በሚሞሪ ካርድ ገልብጬ አምጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። አዲአርቃይና ጃናሞራ የምትሄዱ ቅድሚያ ውሰዱ። ዳባቶች ቅርብ ናችሁ፣ ነገም ብትመጡ ይደርሳችኋል።