ልጆችን ይዞ ወደ ተራራ ስለሚወጣ ጠባቂ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምታከብሩት የኢዮቤልዩ በዓል የሚገኘው በመቍጠር እንደ ኾነ ማስታወስ ይገባል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው 49 ዓመት ከሞላ በኋላ 50ኛውን ዓመት እንዲቀድሱት ታዘዙ። ከመካከል አንዱን ዓመት የዘነጋ ሰው ኢዮቤልዩን በጊዜው አያገኘውም። ዓመትን መቍጠር ይኸን ያኽል የከበረ ሥራ ከኾነ፥ ልጅን መቍጠርማ ምን ያኽል ይከብር ይኾን? የዛሬው ቃል አሳቡ ይኸው ነው፤ ይኸውም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዞ ወደ ተራራ የሚወጣ ጠባቂ ዋና ሥራው ምን እንደ ኾነ ማስረዳት ነው።

ልጆችን ከከተማ አውጥቶ ወደ ተራራ መውሰድ መልካም ልማድ ነው። ሕግ በደብረ ሲና ተሰጠ፤ የጌታ ክብር በደብረ ታቦር ተገለጠ፤ በኢትዮጵያም አባቶች ደብረ ዳሞንና ዝቋላን፥ ግሸንንም የጸሎት ቦታ አደረጓቸው። ለአዲስ አበባ ልጆች ግን የቅርቡ ተራራ እንጦጦ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በዚያ አድርገው ሳሉ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠራች፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጅ ይኸን ታሪክ በመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ በእግሩ ወጥቶ ደጁን ተሳልሞ ቢያውቀው በልቡ ይጸናለታል። ከዚያም ላይ ኾኖ ወደ ደቡብ ሲመለከት ተወልዶ ያደገበትን ከተማ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያያል፤ ሰማዩ በጠራ ቀንም የረርና ዝቋላ ከሩቅ ይታዩታል።

ነገር ግን ተራራ የቤት ደጅ አይደለም። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያኽል ከፍ ይላል። 1000 ሜትር ሽቅብ በወጡ ቍጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያኽል ስለሚቀንስ፥ ከታች በሸሚዝ የተነሣ ልጅ ከላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ልብሱ በዝናም ከራሰና ነፋስ ካገኘውማ ብርዱ እስከ አጥንቱ ይደርሳል። ዳግመኛም ይኽ ተራራ የውኃ መለያ ነው። በደቡብ ጐኑ የወረደው ዝናም በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ በከተማው መካከል ዐልፎ ወደ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን ጐኑ የወረደው ደግሞ በሱሉልታ በኩል በሙገር አድርጎ ወደ ዐባይ ይኼዳል። ኹለት ጠብታዎች በአንድ ደመና አብረው መጥተው፥ አንዱ በአፋር በረሓ ይቀራል፤ ሌላው ግብጽ ይደርሳል። በጉም ውስጥ መንገድ የጠፋበት ልጅም እንደዚሁ ነው፤ ርምጃውን ወደ አንዱ ጐን ቢያደርግ ወደ እናቱ ቤት፥ ወደ ሌላው ጐን ቢያደርግ ከእናቱ ቤት እየራቀ ይወርዳል።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይነገር።

በወርኃ ጽጌ፥ በጥቅምት ወር፥ አንድ ዲያቆን 34 ልጆችን ይዞ ወደ እንጦጦ ወጣ። ከእርሱ ጋራ አንዲት የማኅበር እናትና አንድ ወጣት መዘምር ነበሩ። ዲያቆኑ ከፊት፥ እናቲቱ ከመካከል፥ ወጣቱ ከኋላ እንዲኼዱ ተስማሙ። ጧት በአንድ ሰዓት ሲነሡ ልጆቹን በየስማቸው ጠርቶ ቈጠረ፤ ከቤተ ክርስቲያኑም ሲደርሱ ዳግመኛ ቈጠረ፤ 34 ነበሩ።

ከልጆቹ አንዱ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። የእናቱ ዐቅም ስላልፈቀደ የአጎቱን ልጅ ጫማ ተውሶ መጥቶ ነበርና ጫማው እየጠበበው ያነክስ ዠመረ። አቀበቱን ሲወጡ ዲያቆኑ ኹለት ጊዜ ዘወር ብሎ፥ «አንተ ልጅ፥ ጓደኞችኽን አታስቀር» አለው። ቃሉ ክፉ አልነበረም፤ ልጁ ግን ዐፈረ፤ ካፈረም በኋላ እግሩ እንዳመመው ለማንም አልተናገረም።

ምሳ ከበሉ በኋላ በተራራው ጫፍ በባሕር ዛፉ መካከል ይጓዙ ዠመር። መዝሙሩ ስለ ደመቀ ከኋላ የነበረው ወጣት ከበሮውን ለመያዝ ወደ ፊት ዐለፈ፤ የኋላው ስፍራም ባዶ ቀረ። በዚያን ጊዜ ጉም ከሰሜን ተነሥቶ ዛፉን ሸፈነው። ዲያቆኑ ልቡ ፈርቶ ቆመና፥ «ኹላችኹም አላችኹ?» ብሎ ጮኾ ጠየቀ። ልጆቹም በአንድ ድምፅ፥ «አለን!» አሉ። እርሱም አምኖ ኼደ።

እንግዲህ ስሕተቱ በዚህ ላይ ነው። የብዙዎች «አለን» ማለት የአንዱን መጕደል አይናገርም፤ የጐደለው ልጅ «የለኹም» ብሎ አይመልስምና።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ለመመለስ ሲሰለፉ በየስማቸው ቢጠራ 33 ኾኑ። ደግሞ ቈጠረ፤ ያው 33። ያን ጊዜ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ስልክ በኪሱ ነበረ፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ግን ስልክ የለውም፤ ስለዚህ በኪስ ያለ ስልክ ልጅን በእጅ እንደ መያዝ እንዳይደለ ዐወቀ። እናቲቱ 33ቱን ሰብስባ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ መለሰችና፥ «እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላንቀሳቅስም፤ እናንተ ኹለታችኹ ኺዱ» አለች። መልካም አደረገች፤ አንዱን ለመፈለግ ልጆች ኹሉ ቢበተኑ የጠፋው አንድ መኾኑ ቀርቶ ዐሥር ይኾን ነበረና።

ዲያቆኑና ወጣቱ ስሙን እየጠሩ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ፥ ፀሓይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ያኽል ሲቀራት፥ ከሰሜኑ ቍልቍለት አንዲት አሮጊት እንጨት ተሸካሚ እየተነፈሱ ሲወጡ ታዩ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በጀርባቸው ተሸክመዋል፤ ጫማውን በእጁ የያዘ ልጅም ከኋላቸው ይከተላል። ልጁ ከጓደኞቹ በተለየ ጊዜ፥ ውኃ ኹሉ ወደ ከተማ የሚወርድ መስሎት ፈፋ ተከትሎ ወደ ሱሉልታ በኩል ይወርድ ነበር። ሴትዮዋ አግኝተውት የራሳቸውን መንገድ ትተው ይዘውት ወጡ።

ዲያቆኑ ተንበርክኮ ልጁን ዐቀፈው። ከዚያም ሴትዮዋን፥ «እማማ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ምን ልክፈልዎ?» አላቸው። እሳቸውም፥ «ምንም አትከፍለኝ ልጄ። ግን አንድ ነገር ልንገርኽ፤ ይኸን ጭነት ስሸከም ገመዱ የላላ እንደ ኾነ ወዲያው ቆሜ አጠብቀዋለኹ፤ ቤቴ ስደርስ አጠብቀዋለኹ ብል በመንገድ ተበትኖ ይቀራል» ብለው መንገዳቸውን ኼዱ።

ይኽ ነገር የደረሰው ዲያቆኑ ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም። ከእርሱ የሚበልጠው ጻድቅ አረጋዊ ዮሴፍም በመንገድ ተፈትኗል። በሉቃስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ጌታ 12 ዓመት በኾነው ጊዜ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ ሲመለሱም ከመንገደኞቹ ጋራ ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ኼዱ፤ በዘመዶቻቸውም መካከል ፈልገው ስላጡት ተመልሰው በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ አገኙት። ጌታ በፈቃዱ ቀረ እንጂ አልጠፋም፤ ለጠባቂዎች ግን በዚህ ትልቅ ትምህርት አለ። ያስጨነቃቸው ክፋት ወይም ቸልታ አይደለም፤ «መሰላቸው» የሚለው አንድ ቃል ነው። የጠባቂ ጠላት «መሰለኝ» ነው።

ይኸው ዮሴፍ ደግሞ መልካሙን የጠባቂነት ሥራ ያስተምራል። የወርኃ ጽጌ መታሰቢያም እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችበት ጕዞ ነው። ዮሴፍ በሌሊት ተነሥ በተባለ ጊዜ እስኪነጋ አልቈየም፤ ከግብጽ ሲመለስም አርኬላዎስ በይሁዳ መንገሡን ሰምቶ ፈራና መንገዱን ወደ ገሊላ ለወጠ። ይኽን ፍርሀት ወንጌል ነውር አላደረገበትም። ዐደራ የያዘ ሰው መፍራቱ ጥበብ ነው፤ ደመና አይቶ ከመንገድ የሚመለስ ጠባቂም ፈሪ ሊባል አይገባውም።

በኦሪት ዘፍጥረት በ33ኛው ምዕራፍ ደግሞ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ መጥቶ ያዕቆብን አብረን እንኺድ ባለው ጊዜ፥ ያዕቆብ ልጆቹ ደካሞች መኾናቸውን፥ መንጋውንም አንድ ቀን እንኳ ቢያስቸኵሉት እንደሚያልቅ ነግሮ፥ እርሱ በልጆቹ ርምጃ ልክ ቀስ ብሎ እንደሚከተል አስታወቀ። ያዕቆብ የጕዞውን ፍጥነት በ400ው ጐልማሶች አልለካውም፤ በሕፃናቱ እግር ለካው። ዲያቆኑ ግን ልጁን «ጓደኞችኽን አታስቀር» ባለው ጊዜ በዔሳው ርምጃ ለካው። ያን ቃል በመናገር ፈንታ ቆሞ ጫማውን ቢያየው ኖሮ ልጁ ባልጠፋም ነበር።

እንግዲህ ጠባቂ የሚኾን ሰው ይኽን ይወቅ። ሲነሣ፥ ሲደርስ፥ ከዕረፍት ሲነሣ፥ ሲመለስም በየስማቸው ይቍጠር፤ በጩኸት አይጠይቅ። ደካማውን ልጅ ከፊት ያስቀድመው፤ የኹሉ ርምጃ በእርሱ ይለካ። ከኋላ የሚኼደው ጠባቂ ስፍራውን ለመዝሙርም ቢኾን አይልቀቅ። የመመለሻውን ሰዓት ሳይነሣ ይወስን፤ ከላይ ከደረሰ በኋላ የልጆች ልመና ያሸንፈዋልና፤ በዚህ አገርም ፀሓይ ከጠለቀች ጨለማው ቶሎ ይወድቃል። የነጐድጓድ ድምፅ የሰማ እንደ ኾነ ከተራራው ጫፍ ፈጥኖ ይውረድ፤ ከረዥም ዛፍም በታች አያስጠልላቸው። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በእጁ መያዙን ሳያይ አይነሣ። የጽጌ ጾም ከሰባቱ አጽዋማት ያልተቈጠረ የፈቃድ ጾም ስለ ኾነ፥ የራበውን ልጅ ያብላው፤ በጓደኞቹም ፊት አያሳፍረው። ልጆቹንም፥ ከመንገድ የተለየ ልጅ ውኃ ተከትሎ እንዳይወርድ፥ ባለበት ቆሞ ድምፁን እንዲያሰማ አስቀድሞ ያስተምራቸው።

በቅኔ ቤት ተማሪው ወደ ዱር ወጥቶ ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ ቅኔ ቈጠረ ይባላል። ከቈጠረው አንድ ቃል የጐደለ እንደ ኾነ ዜማው ይሰበራል፥ ምስጢሩም ይጐድላል፤ መምህሩም ዝም ብሎ አያልፈውም። የልጆች ቍጠራም እንዲሁ ነው፤ 33ቱ መገኘታቸው የአንዱን ጕድለት አይሞላውም።

የምሳሌው ፍጻሜ ይኽ ነው። ዲያቆኑ ልጆቹን በየቤታቸው ካደረሰ በኋላ፥ አንዳንዶች፥ «ልጁ በደኅና ተመልሷል፤ ነገሩን ብታወራው ወላጆች በሚመጣው ዓመት ልጆቻቸውን አይሰጡንም» ብለው መከሩት። እርሱ ግን፥ «እናቱ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው» ብሎ በዚያው ምሽት ወደ ቤቷ ኼደ፤ ቆሞም፥ «እናቴ፥ ልጅዎ አንድ ሰዓት ተኩል ያኽል ጠፍቶብኝ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የእኔ ነው» አላት።

እናቲቱ ብዙ ዝም አለች። ከዚያም፥ «ጫማው ነው?» አለች። እርሱም፥ «አዎን፤ ጫማው ጠብቦት ነበር። እኔም አላየኹለትም፤ ፈጥነኽ ና አልኹት» ብሎ መለሰላት። እርሷም ዐይኗን በነጠላዋ ጠርጋ እንዲህ አለችው፤ «ዲያቆን፥ በሚመጣው ዓመትም ልጄ ይኼዳል፤ አልከለክለውም። ግን በዚያ ቀን ሲመጡ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ከኋላ የሚኼደው ማን ነው?»

የተወደዳችኹ ወላጆች፤ ልጆቻችኹን ለመንገድ ስትሰጡ እናንተም ይኽን ጥያቄ ጠይቁ። ጠባቂዎች ሆይ፤ እናንተም የምትመልሱትን ስም ሳትይዙ አትነሡ። ዓመታትን ቈጥሮ ለኢዮቤልዩ ያደረሰ አምላክ ልጆቹን ኹሉ ሳይጐድሉ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያድርሳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።