በአርሲ ደጋ የበጋ ሌሊት
ስለ ተራራ ጉዞ፣ ስለ መንገድ መሪና ስለ ማገዶ ለማኅበሩ አባሎች የተሰጠ ንግግር



በባሕር ማዶ «የክረምት የተራራ ጉዞ» ሲባል በሰው አሳብ የሚመጣው በረዶ የተጫነው ደንና በበረዶው ላይ የተተከለ ድንኳን ነው። የጮሌ ገበሬ ግን ክረምት ሲል ዝናብን ማለቱ ነው እንጂ ብርድን አይደለም። በአርሲ ደጋ እውነተኛው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ፣ ጭቃው ከደረቀ፣ ገብሱም ታጭዶ ከተከመረ በኋላ፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የበጋ ሌሊት ነው። ተራራ ለመውጣት ያሰበ ሰው የሚመርጠውም ይኸንኑ ወራት ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ዕይታውም ሩቅ ነውና። እንግዲህ ምቹው ቀንና ክፉው ሌሊት በአንድ ወቅት ተጣምረው ይገኛሉ። የዛሬው ንግግር ስለዚያ ሌሊት ነው፤ በተለይም ሌሊቱን ለማለፍ ሲባል ስለሚነደው እንጨት።

ጮሌ በቀድሞው አርባ ጉጉ አውራጃ፣ በአርሲ ደጋ ምሥራቃዊ ክፍል ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ ለሚያስብ ሰው የሮቤ ደጋ፣ ቀጥሎም የጋለማ ሰንሰለት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ባዳ፣ በመጨረሻም የአሰላ ጎረቤት የሆነው ጭላሎ ይከተላሉ። መሐንዲስ ለሆነ አድማጭ የዚህ ደጋ ክብር በቁመቱ ብቻ አይለካም። ከአንዱ ጎኑ የሚወርደው ውሃ በካታር አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከሌላው ጎኑ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ያለው ደግሞ ከዋቢ ሸበሌ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሶማሌ ቆላ ይዘልቃል። ደኑ ሲመነጠር የሚጎዳው በቦታው ያለው ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ ካርታ ዘርግቶ እነዚህን ሦስት መንገዶች በጣቱ ይከተል።

በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘንም የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። ለሳይንስ ዓለም የታወቀው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በአርሲ ተራሮች ካደነው አጋዘን ሲሆን፣ ሊቁ ሪቻርድ ላይዴከር መግለጫውን ያወጣለት በ1910 ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። በእርግጥ የአርሲ እረኛ አጋዘኑን ለማወቅ በክስተንን አልጠበቀም፤ ነገር ግን ዕውቀቱ በጽሑፍ ስላልሰፈረ ስሙ ለሌላ ተሰጠ።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ከእርሻው በላይ መጀመሪያ የሚገኘው ጽድና ዝግባ ነው፤ ከዚያ ኮሶ፤ ከኮሶው በላይ አስታ፣ በኦሮምኛ ሳቶ የሚባለው። አስታ ከታች ዛፍ ሆኖ ይታያል፤ ከፍታው ሲጨምር እያጠረ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ከእርሱም ወዲያ ጓሳ ሣርና ጅባራ ብቻ ይቀራሉ። ከአሰላ፣ ማለት ከ2,400 ሜትር ገደማ፣ ተነሥቶ 4,000 ሜትር የሚደርስ ሰው፣ አየሩ በየአንድ ሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ወደ አሥር ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ጥሎ ይወጣል። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአሥር ስድስት እጅ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው የሌሊቱን አሠራር መረዳት ነው። በበጋ ሌሊት ደመና የለም። ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ ትለቃለች፤ ከምድር ጋር የተነካካውም አየር ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና በሸለቆው ወለል ይተኛል። ከተማ ያደገ ተጓዥ ግን ድንኳኑን ሊተክል የሚቸኩለው በዚያው በሸለቆው ወለል ነው፤ ሜዳ ነው፣ ሣሩ ለስላሳ ነው፣ ወንዙም ቅርብ ነው። ሲነጋ የድንኳኑ ጨርቅ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ፣ በኮዳ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ያገኘዋል።

መንገድ መሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው መሪን የሚቀጥረው መንገድ እንዳይጠፋው ነው፤ በጠራ የበጋ ቀን ግን ጭላሎን ከሩቅ አይቶ መሄድ ለማንም አይቸግርም። የመሪው ዋጋ የሚታወቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። በደጋው ያደገ ሰው ከሸለቆው ወለል ጥቂት ከፍ ያለውን ትከሻ፣ ነፋስ የማያገኘውን፣ የኮሶ ቅርንጫፍ በላዩ የዘረጋበትን ቦታ ይመርጣል። ቅርንጫፉ በምድርና በሰማይ መካከል እንደ ጣሪያ ሆኖ የሚያመልጠውን ሙቀት በከፊል ይመልሳል። መሪው ይህን በፊዚክስ ቋንቋ ላይገልጸው ይችላል፤ ከብቶቹን የት ማሳደር እንዳለበት ከአባቱ ተምሮአል፤ ያው ነው።

ሁለተኛው የመሪው ሥራ እሳት መከልከል ነው፤ ይህ ደግሞ ከተጓዡ ጋር የሚያጣላው ነው። ሰው ደክሞት፣ በርዶት፣ ጨልሞበት ሳለ እሳት አይነድም ቢባል ይቆጣል። ስለዚህ ነገሩን በቁጥር መመልከት ይሻላል። አንድ ሊትር ውሃ ከ5 ዲግሪ ተነሥቶ በ4,000 ሜትር ላይ እስከሚፈላበት እስከ 87 ዲግሪ ገደማ ለማድረስ 340 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድ እሳት ለድስቱ የሚያደርሰው ከሙቀቱ አንድ አሥረኛውን ነው ቢባል፣ ደረቅ እንጨትም በኪሎ 15 ሜጋ ጁል ቢሰጥ፣ ለአንዱ ሊትር ሩብ ኪሎ የሚጠጋ እንጨት ይነዳል። አሥር ሰዎች ለመጠጥና ለወጥ በቀን 40 ሊትር ቢያፈሉ 9 ኪሎ፣ በአራት ቀን 36 ኪሎ ይሆናል። ይኸው ሥራ ከሙቀቱ አርባ በመቶውን ለድስቱ በሚያደርስ የላምባ ምድጃ ቢሠራ ለአራቱ ቀን አራት ሊትር ላምባ ይበቃል፤ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ማለት ነው። ለመሞቅ ብቻ የሚነደው እሳት ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። በሰዓት አምስት ኪሎ እየበላ ስድስት ሰዓት ቢነድ በአንድ ሌሊት 30 ኪሎ ነው፤ ያም ሆኖ የሚሞቀው ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው ይንቀጠቀጣል።

ይህ እንጨት ደግሞ ከየት ይመጣል? በዚያ ከፍታ ያለው ዛፍ አስታ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። አስታ በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቅጠሉ ደቃቅ በመሆኑም በበጋ እርጥቡ ሳይቀር ይቀጣጠላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን ማጥፋቱ፣ እሳቱንም ለመግታት ገበሬ፣ ወታደርና ተማሪ አብረው መዝመታቸው፣ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መምጣታቸው ይታወሳል። በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ፓርክ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ርዳታ መጥቶአል። እነዚህን ቃጠሎዎች ተጓዥ አስነሣቸው የሚል የለም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ እሳቱ በማን ክብሪት እንደ ተጀመረ አይለይም።

ከቃጠሎው አደጋ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። የደጋው ገበሬ ከደኑ እንጨት እንዳይቆርጥ በየጊዜው ይነገረዋል። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ማሳሰቢያ ይበልጥ ጠንክሮአል። ይኸው ገበሬ በፈረሱ ጓዝ ጭኖ፣ ከከተማ የመጡ የተማሩ ሰዎችን አድርሶ፣ በማታ ያን ልጆቹ እንዳይነኩት የተባለውን አስታ ለጨዋታ ሲያነዱት ቢያይ ምን ብሎ ያስባል? ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ደን ጥበቃ የሚነገረው ሁሉ በጆሮው የሚገባ አይመስልም። በስሜን ጎብኚው ከመሪና መሣሪያ ከያዘ ጠባቂ ጋር እንዲሄድ፣ በሳንካበር፣ በጊጭና በጨነቅ በታወቀ ሰፈር እንዲያድር የሚደረገው፣ በባሌም ከዲንሾ ተነሥቶ በአገሬው መሪና በፈረስ የሚጓዘው፣ ለደኅንነቱ ሲባል ብቻ አይደለም። ከጉዞው የሚገኘው ገንዘብ ደኑን ለሚጠብቀው ሰው እንዲደርስ ነው። የአርሲ ተራሮች የእነዚያን ያህል ስም አላገኙም። በጮሌ በኩል ጉዞ የሚያዘጋጅ ማኅበር ቢኖር መሪውን ከእረኞቹ መካከል መርጦ፣ ደመወዙን አስቀድሞ ቆርጦ፣ «እሳት አይነድም» ሲል ቃሉ እንዲከበርለት ከተጓዦቹ ጋር ከከተማ ሳይነሣ መስማማት ይኖርበታል። መሪው በሜዳ ላይ ብቻውን ከአሥር ምሁር ጋር እንዲከራከር መተው ፍርድ አይደለም።

እሳት ከሌለ በምን ይታደራል ቢባል፣ የአርሲ ቤት መልሱን ይዞአል። ስንቁ ጭኮ ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅመም ከተነጠረ ቅቤ ጋር የታሸ፣ ለብዙ ሳምንት የማይበላሽ፣ ሳይሞቅ የሚበላ፣ በጥቂቱ ብዙ ኃይል የሚሰጥ። ልብሱ ቡሉኮ ነው። ነገር ግን ተጓዦች ሁሉ የሚስቱት ብርዱ ከላይ ብቻ ይመጣል ብለው ነው፤ ተኝቶ ያለ ሰው ከሰውነቱ ክብደት በታች የተጨፈለቀ ልብስ አየር ስለማይይዝ ሙቀቱን ለመሬት ይሰጣል። በመሆኑም ሁለት ቡሉኮ ያለው አንዱን ከሥሩ ያንጥፍ። ከዚያም የሚሻለው በፈረስ ተጭኖ የመጣ የገብስ ገለባ ነው፤ አንድ ስንዝር ያህል ተነጥፎ በላዩ ምንጣፍ ሲደረግበት በውስጡ የታሰረው አየር ከመሬቱ ቅዝቃዜ ይከላከላል። ሲነጋም አይጣልም፤ ተሰብስቦ ለፈረሶቹ ይሰጣል፤ ጓዙም እነርሱ እስኪበሉ ድረስ ይታሰራል።