የመላጊያ ማሽን ጠረጴዛ አሰላለፍ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በጭሮ፣ በሒርናና በበዴሳ ላሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች የዕለት እንጀራ ነው። የመላጊያ ማሽን ሁለት ጠረጴዛዎች አሉት፤ በመካከላቸው ምላጩ ይሽከረከራል። የመግቢያው ጠረጴዛ ሊነሣ በታሰበው ውፍረት ልክ ዝቅ ይላል፤ የመውጫው ግን ምላጩ ከሚደርስበት ከፍተኛ ነጥብ ጋር መስተካከል አለበት። ዝቅ ካለ ሳንቃው የመግቢያውን ጠረጴዛ ሲለቅ ይወድቅና ጫፉ ይቦረቦራል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ሳንቃው ይደናቀፋል። ሁለቱ ትይዩ ካልሆኑም ጠርዙ ቀጥ አይልም።

ያለ ውድ መሣሪያ ይህን ማረም አይቻልም የሚለውን አስተያየት አልቀበለውም። ሁለት ሳንቃዎች ላጉና ጠርዞቻቸውን ገጥማችሁ በብርሃን ፊት ተመልከቱ። እያንዳንዱ ጠርዝ መካከሉ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ቢጎድል ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ መጋጠሚያው ጉድለቱን እጥፍ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ መንቀል (ይህን የሚዘሉ አሉ)፣ ቡሎን ማላላት፣ ከዝቅተኛው ወገን ሥር ስስ ቆርቆሮ ማስገባት፣ እንደገና ልጎ ማየት ነው።

ክፍተቱን በሙጫና በሰጋቱራ መድፈን የተለመደ ነው። ዋንዛ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ይህ ብክነት ነው፤ እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ድፋኑ ይረግፋል፤ ደንበኛውም የቁም ሳጥኑን በር ተሸክሞ ይመለሳል።