ስለ ኮምፒውተር ማራገቢያ አመራረጥና አጠባበቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ለመናገር በፊታችሁ ቆመናል። ነገሩም በኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ የሚዞረው ማራገቢያ፥ በገበያ አነጋገር «ፋን» የሚባለው ነው። «ይህስ ንግግር ይደረግበታልን?» የሚል ቢኖር ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን ይግባ። መኪኖቹ ሁሉ በተነሡ ጊዜ በኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ የመምህሩን ቃል የሚሰማው በግማሽ ነው። መኪናው ሞቆ ሲጠፋበት ደግሞ የጻፈውን ያጣል፤ መለወጫው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣም ሁለት ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ይጋፋል።

ነፋስና ሙቀት ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። በከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት፥ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሚሲዮን የመጡትንና ሌሎችንም አውሮፓውያን ባለ እጆች ሴባስቶፖልን ባሠሩአቸው ጊዜ እሳቱ ነፋስ ባያገኝ ማዕድኑ ባልቀለጠም ነበር። ዛሬም ቢሆን ባለ እጅ ማረሻ የሚያግለው በወናፍ ነው። በከሰል ላይ ነፋሱ ኦክሲጅን ስለሚሰጥ እሳቱን ያበረታል፤ በኮምፒውተር ውስጥ ግን የሚቃጠል ነገር ስለሌለ ያው ነፋስ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል።

እንግዲህ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱም በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢዞር፥ በጠረፍ 9 ዲግሪ ሙቀት የሚጨምረው አየር በእኛ ዘንድ 12 ዲግሪ ይጨምራል። ዳሩ ግን የጉና ብርድ ይክሰናል። በጅቡቲ 35 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር 44 ሆኖ ሲወጣ፥ በእኛ ክፍል 20 ሆኖ የገባው 32 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ደገኛው ማራገቢያውን ዝግ አድርጎ ለማዞር ከቆለኛው የበለጠ ዕድል አለው።

ስለ አመራረጡ የሆነ እንደ ሆነ፥ ትልቁ ከትንሹ ይሻላል። ባለ 120 ሚሊ ሜትሩ ከባለ 80ው ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ገጽ ስላለው፥ ዝግ ብሎ እየዞረ ያንኑ ያህል አየር ያንቀሳቅሳል። የአንዱን ማራገቢያ ፍጥነት በደቂቃ ከ1,200 ዙር ወደ 600 ብናወርደው አየሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን 15 ደሲቤል ያህል ይወርዳል። ደግሞም እኩል የሚጮኹ 20 መኪኖች በአንድነት ከአንዱ በ13 ደሲቤል ስለሚበልጡ፥ የእያንዳንዱ ዝምታ ለክፍሉ ሁሉ ይጠቅማል። አንዱ ማራገቢያ በፊት በኩል ቀዝቃዛውን ያስገባ፤ ሌላው በኋላ በኩል ሞቃቱን ያውጣ።

ስለ አቈጣጠሩ ደግሞ፥ ባለ አራት ፒኑ ማራገቢያ ከማዘርቦርዱ በሚመጣ ምልክት ፍጥነቱን ይለውጣል፤ ባለ ሦስት ፒኑ ግን ከ12 ቮልት ዝቅ እያደረጉ የሚያዘገዩት ነው። ቮልቱ ከልክ በታች ቢወርድ መዞሩን ያቆማል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ገብተን፥ ፕሮሰሰሩ ከ50 ዲግሪ በታች ሲሆን ማራገቢያው ዝግ እንዲል፥ ወደ 80 ሲቃረብም በሙሉ ኃይሉ እንዲዞር ማዘዝ እንችላለን። በየደቂቃው እየጮኸና እየዘገየ ጆሮ እንዳያውክም ለውጡ ቀስ በቀስ እንዲሆን ማድረግ ይገባል።

የበጋ አቧራ ግን ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ብዙ ሰዎች ኮምፒውተሩ ሲሞቅ የሣጥኑን ክዳን ይከፍታሉ፤ በዚህም የነፋሱን መንገድ ያበላሻሉ፥ አቧራውንም ይጋብዛሉ። የሚሻለው ክዳኑን ዘግቶ በመግቢያው ላይ ማጣሪያ ማድረግና የሚገባው አየር ከሚወጣው ጥቂት እንዲበልጥ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ በየስንጥቁ አየር ይወጣል እንጂ አቧራ አይገባም። ስናጸዳም ኤሌክትሪኩን አስቀድመን እንንቀል፤ አቧራውን በነፋስ ስናስወጣም ማራገቢያው እንዳይዞር በጣታችን እንያዘው።

ክቡራን ሆይ፤ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ላሉት መኪኖች ትልልቅ ማራገቢያና ማጣሪያ እንዲገዛላቸው፥ ተማሪዎችም በየወሩ ተራ ገብተው እንዲያጸዱአቸው በትሕትና እንለምናለን። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። ከእኛ በኋላ በኋላ ወንበር የሚቀመጡት ታናናሾቻችን ግን የመምህራቸውን ቃል ሙሉውን ሊሰሙ ይገባቸዋል።