መድኃኒት የሚሰጥ እጅ ይማር





እኛ የሙቱንጎ ባለሱቆች የምናውቀው ሸቀጥ ነው። ሆኖም ልጆቻችን ሥራ ሲያጡ «መድኃኒት ቤትም ሱቅ ነው፤ ትምህርቱን ተወውና ገብተህ ሽጥ» የሚል ምክር በመካከላችን እንሰማለን። ስኳር ቢጎድል ይሞላል፤ ጨርቅ ቢበላሽ ይለወጣል፤ ተሳስቶ የተሰጠ መድኃኒት ግን ከተዋጠ በኋላ አይመለስም።

ወባን እንውሰድ። ብዙዎቻችን ከደጋ አገር መጥተን ወባን የተዋወቅነው እዚህ ነው። ኮአርቴም ለአዋቂ ሰው 24 ፍሬ ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ፍሬ ይወሰዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ ያቋረጠ ሰው ሊያገረሽበት ይችላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው «ግማሹን ስጠኝ» ሲል፣ ነጋዴ ብቻ የሆነ ቆርጦ ይሸጥለታል። የተማረው ግን ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ የልጁን ክብደት፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን ይጠይቃል፤ ግማሽ እንደማይበቃም ያስረዳል።

ለዚህ ነው በኡጋንዳ የፋርማሲ ዲፕሎማ 3 ዓመት የሚፈጀው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ብሔራዊ የመድኃኒት ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ የ1996ቱ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ተመዝግበው እንዲሠሩ ደነገገ። በአገራችንም በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 የጨረሰ የፋርማሲ ተማሪ የብቃት ምዘና ይጠብቀዋል። ከዚያ ተምረው የመጡ ልጆች ማስረጃቸው እዚህ እስኪታወቅላቸው ድረስ በሙያቸው ለመሥራት ይቸገራሉ። ዕቃ ሲሸከሙ እያየን ዝም ማለት አይገባንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ተምረው ለመጡት ማኅበራችን ማስረጃቸው ከተማሩበት ተቋም እንዲረጋገጥ ይርዳ፤ ወደሚመዘገቡበት መሥሪያ ቤትም አብሯቸው ይሂድ። ሁለተኛ፣ ለሠርግና ለለቅሶ እንደምናዋጣ ሁሉ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለሚወዱ ልጆቻችን የፋርማሲ ትምህርት ክፍያ እናዋጣ።

እንግሊዝኛም ሉጋንዳም የማይሰሙ እናቶቻችን መድኃኒታቸውን ስንት ሰዓት እንደሚውጡ በአማርኛ የሚነግራቸው የተማረ ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ያ ልጅ ከመካከላችን ይውጣ።